ገለልተኛው ቢላዋ

ሰሞኑን ከምንም በላይ የሚጥመኝ ወሬ ምን መሰላችሁ? የእምነት ወሬ። በአንዱ አገር ቤተ ክርስቲያኑ ሰው አጥቶ ቡና ቤት ሆነ ይባላል። በሌላው አገር ደግሞ ምእመኑ ሞልቶ ደጅ ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። አንዱ ጋ ወጣቱ ሃይማኖት የለኝም ይላል፤ ሌላው ጋ የአያቱን ትቶ አዲስ ይይዛል። ታዲያ ዓለም ወዴት እየሄደች ነው? ይህን ሁሉ የምሰማው ከሙሉጌታ ነው።

ሙሉጌታ እዚህ ጅቡቲ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ፣ ወርቅ የሆነ ልጅ ነው። የጭነት ሰነድ ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ስልኩን ያነባል። አንብቦ አንብቦ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም ከማያምኑት ነኝ አለኝ። ሻዩ ትን አለኝ። እኔ አማኝ ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅማ!

ችግሩ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች። ሙሉጌታ ሊያገባት ይፈልጋል፣ እሷም ትፈልገዋለች። የሚጠየቁት ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ መስታወታቸው ላይ ያልተለጠፈ ጻድቅ የለም፣ መንገዱን በየት በኩል እንደሚያዩት አላውቅም። ትርንጎ ሙሉጌታን ለምናዋለች፤ አጎቴ እሺ እስኪሉ ድረስ ይህን የስልክ ወሬህን ዋጥ አድርገው ብላዋለች። እሺ ብሏል።

ሙሉጌታ ደግሶ ጋሽ ወርቁን የሚጠይቅበት ቀን ደረሰ። ምግብ ቤቱ ጓሮ ጋሽ ወርቁ መጡ። መንገድ ያፋቀራቸው ሹፌር ጓደኛቸው ከድርም ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ የእኛ ሰው ሽሮውን ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ሥጋ ሲሆን ግን የየራሱን ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ስለዚህ ለድግስ ሁለት ፍየል ይገዛል። ሙሉጌታ ግን ከባልባላ ገበያ አንድ ፍየል ብቻ እየጎተተ መጣ። ሌላውስ ስለው በዓይኑ ጠቀሰኝ። ለካ አስቦበታል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ እኔ ካረድኩት ሁለቱም ይበላሉ፤ የእኔ ቢላዋ ገለልተኛ ነው አለኝ። ስሙኝማ፣ እኔም የዓለም ችግር የተፈታ መስሎኝ እጁን ጨበጥኩት።

አረደው፣ ገፈፈው፣ ትርንጎ ጠበሰችው። ሽታው ጓሮውን ሲሞላው ከድር እጁን ታጥቦ ማን እንዳረደው ጠየቀ። ጋሽ ወርቁም ማን እንደባረከው ጠየቁ። ሙሉጌታ ያን ጊዜ መዋሸት ይችል ነበር። በስመ አብ ብያለሁ ቢል ጋሽ ወርቁ ይበላሉ፣ እሱም ትርንጎን ያገኛል። ከድርስ ሽሮ ቢበላ ምን ይሆናል? እሱ ግን፣

«ማንም አልባረከውም ጋሼ፤ ዝም ብዬ ነው ያረድኩት» አለ።

ከዚያ የስልኩን ወሬ በሙሉ ዘረገፈው። ባዶ የቀሩትን ቤተ ክርስቲያኖች፣ ሃይማኖት የለንም የሚሉትን ሚሊዮኖች፣ አንዱንም አላስቀረ። ትርንጎ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ጋሽ ወርቁ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲያው እነዚያ ሚሊዮኖች ይምጡና ይብሉልህ» አሉት። ከድር ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ጋሽ ወርቁ ቀጠሉና ፍርዱን ሰጡ፤ ልጄን ብቻውን ለሚበላ ሰው አልሰጥም፣ ከዚህ ፍየል አብሮህ የሚቀምስ አንድ ሰው ከተገኘ ግን እንነጋገራለን አሉ።

ተፈትልኬ ወጣሁ። የማያምኑ ሚሊዮኖች ካሉ፣ አንዱ እንኳ ካርቲየ 7 ሰፈር ውስጥ ይጠፋል? በዚያ ሙቀት ሻይ ቤቱን ሁሉ አዳረስኩት። ግን ሰው እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ጫት የምትሸጥ ሴትዮ ጠይቄ በውሃ ኮዳዋ ልትለኝ ቃጣች። በመጨረሻ አንድ ፈረንሳዊ አገኘሁ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ በአምላክ ያምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በፍጹም አለኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ጥብስ ልጋብዝህ ስለው ግን ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሥጋ አይበላም። ወተትም አይጠጣም፣ እንቁላልም አይነካም፣ ዓመቱን ሙሉ። የእኛ ጾመኛ እንኳ ለፋሲካ ይፈታል እኮ።

አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ትርንጎ ትሪው አጠገብ ተቀምጣለች። አማተበች፤ አንድ ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለለችና ጎረሰች። ማንንም አላየችም። ዋጠችና ለሙሉጌታ አጎረሰችው። ጋሽ ወርቁ ተነሥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኔ በደስታ ይሁን በፍርሃት እንጃ፣ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ትርንጎ ያልተባረከ ሥጋ መብላቷን ለንስሐ አባቷ ተናገረች። ጾምና ስግደት አዘዙባት። ሙሉጌታ ይህን ሲሰማ፣ በእኔ ጦስ እሷ ተርባ እኔ እንዴት እበላለሁ ብሎ አብሯት ጀመረ። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አጠገቤ ሆኖ ስልኩን ሲያነብ ሆዱ ሲጮህ ይሰማኛል።

ጋሽ ወርቁ ከድሬዳዋ ሲመለሱ ወሬው ደረሳቸው፤ አላመኑም። ምሳ ሰዓት ላይ ትኩስ ሳምቡሳ ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡና ሙሉጌታ አፍንጫ ሥር አቀረቡለት። ይቆየኝ ጋሼ፣ ገና ነው አላቸው።  ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞረው፣ ሌሎች ሁለት አማቾች አሉኝ፣ ታቦት ሲወጣ ከፊት ከፊት ነው የሚሄዱት፣ ሚስቶቻቸው ሲጾሙ ግን ቁርጥ ያዛሉ አሉኝ። «ይሄኛው ይግባ» ብለው ሳምቡሳውን ለእኔ ትተው ወጡ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሙሉጌታን፣ አሁን ከማን ልቁጠርህ፣ ከሚያምኑት ነው ከማያምኑት ብዬ ጠየቅኩት። የያዝኩትን ሳምቡሳ አየና ሰዓቱን አየ።

«እምነት እንኳ የለኝም» አለኝ፣ «ጾሙ ግን ገና ሁለት ሰዓት ይቀረኛል።»