ይሉኝታ የወለደው ሆስት ራውት

በየመሥሪያ ቤቱ «አይቻልም» ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሒሳብ ክፍል ከተመደበ ጉዱ ቶሎ ይወጣል፤ ኔትወርክ ላይ ከተመደበ ግን ዓመታት ይፈጃል። አርባ ምንጭ ላለ አንድ የግል ኮሌጅ የደረሰው ክቡር ዘካሪያስ ነው፦ የራውተሮች ሹም፣ የኬብሎች አባት፣ የይሉኝታ ምርኮኛ።

ራውተር፣ የየኮምፒውተሩን መልእክት በቁጥር አድራሻው የሚያደርሰው ዕቃ፣ ብዙ አይፈልግም። የኮሌጁ የሴቻ ግቢ አድራሻዎች በዚህ፣ የሲቀላ ግቢ አድራሻዎች በዚያ ከተባለ ሁሉንም በየሰፈሩ ያደርሳል። ችግር የሚመጣው አንዱ የሴቻ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ሲቀላ ይወርድና «አድራሻዬ እንዳይነካ» ያለ እንደሆነ ነው። ሌላ ባለሙያ ቢሆን «ሰፈር የቀየረ አድራሻም ይቀይራል» ብሎ ይገላገላል። ዘካሪያስ ግን አንገቱን ይደፋና «እንግዲህ ለእርስዎ ብቻ» ይላል። ከዚያ ለአንዱ ኮምፒውተር የብቻውን መንገድ ይጽፋል። የሙያው ሰዎች ሆስት ራውት የሚሉት ይህን ነው።

እርግጥ ራውተሩ ራሱም እንዲህ ያለ መንገድ ይወልዳል። ለገዛ አድራሻው አንድ ይይዛል፤ በስልክ መስመር ደውሎ ለሚገባ እንግዳም አንድ ይከፍትና እንግዳው ሲወጣ ያጠፋዋል። ዘካሪያስ በእጁ የጻፈው ግን ዘካሪያስ ካላጠፋው አይጠፋም። ይባስ ብሎ፣ ራውተሮቹ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ወሬውን ከግቢ ግቢ ያዳርሰዋል። ደግሞ ራውተር ስለ ሰፈሩ አንድ ነገር፣ ስለ ግለሰቡ ሌላ ነገር ከተነገረው የሚያምነው ስለ ግለሰቡ የሰማውን ነው።

ገንዘብ ያዥዋ «የለመድኩት ቁጥር ነው» ብላ አንድ መንገድ ወሰደች። የስፖርት መምህሩ መጨረሻው ሰባት የሆነ አድራሻ ለዕድሉ ፈልጎ ሌላ አስጻፈ። የጥበቃ ኃላፊው ኮምፒውተር የለውም፤ ሲመጣለት እንዳይቸገር ተብሎ ከወዲሁ ተያዘለት። ዘካሪያስ አልፎ አልፎ ራውተሩን ከፍቶ «ይሄ ራውተር ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ መዝገብ?» እያለ በራሱ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ አንድ ይጨምራል።

ወሰንየለሽ የገረሴ ልጅ ናት፤ የሴቻ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ታጭታ የቀራት በስካይፕ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነበር። ካመለጣት ዕድሉ ለተጠባባቂው ያልፋል። ኮምፒውተሯ ክረምቱን ሲቀላ ለምዝገባ ሥራ ከርሞ ገና ትናንት ወደ ሴቻ መመለሱ ነው። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ደወለች።

«ዘኬ፣ ድረስልኝ! የሁሉም ይሠራል፤ የኔ ብቻ እምቢ አለ።»

ደረሰ። ኬብል ቀየረ። ቫይረስ ነው አለ። አቧራ ነው አለ። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ «ምናልባት ሙቀቱ…» ብሎ ጀመረ።

«ሙቀቱ ከዚህ ሁሉ ኮምፒውተር የኔን ብቻ ነው መርጦ የያዘው?» አለችው።

«የኔን ብቻ» የምትለው ቃል አንድ ነገር አስታወሰችው። ቁጭ ብሎ ራውተሩን ከፈተ። አለ! ክረምት ላይ የጻፈላት መንገድ፣ ወደ ሲቀላ እንደተቀሰረ።

«ወሰን፣ መልስ እየመጣልሽ ነው። ግን ሲቀላ ወርዶ ነው የሚፈልግሽ።»

«ማን ላከው ወደ ሲቀላ?»

«አንድ ጅል።»

«የትኛው ጅል?»

«አሁን ኬብል ሲቀይርልሽ የነበረው።»

ራውተር ላይ የተጻፈን ነገር መሰረዝ ቀላል ነው፤ ያንኑ መስመር ይደግሙና ከፊቱ «ኖ» ብለው ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ናት። ዘካሪያስ ግን ጣቱ በአየር ላይ ቀረ፤ ገጠር የሄደ የዘመድ ልጅ አልጋ የሚያፈርስ መሰለው።

«ዘኬ!» ስትል ጻፈው። ወዲያው ስካይፑ ጮኸ። ወሰንየለሽ ነጠላዋን አስተካከለች። እሱ በሩን ዘግቶ ወጣና ደጁ ላይ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ዲኑ አቶ ዳልጮ ፍላሽ ይዘው መጡ። በግቢው ውስጥ የሚሠራው ማተሚያ የቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው።

«ክፈትማ፣ አንዲት ገጽ አትሜ ልውጣ።»

«አይቻልም።»

ዲኑ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር አሉ። ዘካሪያስም ዞር አለ።

«ምን አልክ አንተ?»

«አይቻልም… መሰለኝ፣ ጋሼ። ወሰንየለሽ ቃለ መጠይቅ ላይ ናት።»

ከውስጥ ድምጿ ይሰማል። እንግሊዝኛው መጀመሪያ እየተደናቀፈ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተፈታ። ከዚያ ሳቀች፤ ባሕር ማዶ ያሉትም አብረዋት ሳቁ። አቶ ዳልጮ ፍላሻቸውን ኪሳቸው ከተው ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። አንድ ተማሪ ጫማውን እያንኳኳ ደረጃውን ሲወጣ፣ ዲኑና የኔትወርኩ ሹም እኩል ዞረው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሽሽሽ!»