ለዓለም የሞቱት እማሆይ ድርሻ

ልብስ ሰፊ ሲሳሳት ሱሪያችሁ ያጥራል። ፀጉር አስተካካይ ሲሳሳት ኮፍያ ደፍታችሁ እስኪያድግ ትታገሣላችሁ። የቤት ደላላ ሲሳሳትስ? ኮፍያ ውስጥ አይታደር ነገር!

የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ቤት ይሠራል። ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ የሙያ ኃላፊነት መድን ስለሚባል ነገር አጫወተን። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ጠበቃውም፣ ደላላው ሳይቀር፣ በሥራው ተሳስቶ ሰው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ ስለ እሱ ሆኖ ተጎጂውን ይክሳል አለን። ለደላላ ይህን ያህል መታሰቡ ባለቤቴን አሳቃት። እኔ ግን ጋሽ ደምሰው ትዝ አሉኝ።

ነገሩ በኢሕአዴግ ዘመን ነው። መሐል ሜዳ አስተምር ነበር፤ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት መዞሩ ሲሰለቸን ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ደላላ ሁለት ክፍል ቤት ከነጓዳው አገኙልን። ካፖርታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ፣ ቤት ሲያሳዩ ግድግዳውን በቡጢ እየመቱ «ስሙት! ስሙት እንጂ!» የሚሉ ሰው ናቸው።

ሻጩ ቤቱን ከአባቱ የወረሰ ነጋዴ ነበር። «ሌላ ወራሽ የለም፤ ንጹሕ ነው» አሉን ጋሽ ደምሰው። ገዛን፤ ገባን። ስም ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ግን ጸሐፊዋ ቀና ብላ፣ «እኅቱስ?» አለችን።

እኅት? ሻጩ ተጠርቶ መጣ። ቅንጣት አልደነገጠም።

«እኅቴማ መንኵሳለች። ፍትሐት ተደርጎላታል፤ ለዓለም ሞታለች» አለ።

«ለማዘጋጃ ቤት ግን አልሞተችም» አለችው ጸሐፊዋ።

እኅቱ እማሆይ ካልፈቀዱ ሽያጩ ይፈርሳል። ገንዘባችን ደግሞ ያኔውኑ የሻጩ አይሱዙ መኪና ሆኖ ደብረ ብርሃን እየተመላለሰ ነበር። ባለቤቴ ገና ያልተፈታው ጓዝ ላይ ተቀምጣ የገመዱን ቋጠሮ ትነካካ ጀመር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ማምሻው ላይ ጋሽ ደምሰው መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እንቢ አሉ።

«ስህተቱ የኔ ነው። ወንድሙን አመንኩና ጎረቤት ሳልጠይቅ ቀረሁ። እማሆይ እንቢ ካሉ የኔን ቤት ትገባላችሁ። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ።»

ለማጽናናት ያሉት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ በደጃቸው ሳልፍ ግን ባለቤታቸው ፊታቸውን አኮሳትረው የገብስ ጆንያ ከጓዳ ያስወጣሉ። ሰላምታዬንም የመለሱልኝ በግድ ነው። ምን ይፈረድባቸዋል?

እማሆይ ያሉበት ገዳም ወደ ግሼ በኩል ነው። ከጋሽ ደምሰው ጋር ውርጩ ሳይለቅ ተነሣን። ገደል ወርደን ገደል ስንወጣ አንዲት ቀልድ አልወጣቸውም። ከገዳሙ በር ስንደርስ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥተው ተሸከሙና፣ እንደ ይቅርታ ጠያቂ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

እማሆይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘናቸው። ቀልጣፋ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው።

«ምን ሆነህ ነው አንተ? አውርደው፤ ወገብህን ትጎዳለህ» አሉ።

ጋሽ ደምሰው ድንጋዩን ሳያወርዱ ሁሉንም ተናገሩ።

«ሞታለች ብሎ ነው ወንድሜ የሸጠው?»

«ለዓለም ሞተዋል ብሎ ነው እማሆይ። ሳላጣራ ያሻሻጥኩት ግን እኔ ነኝ። እነዚህ ልጆች ምንም አላጠፉም።»

እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረጉት።

«ለዓለምስ ሞቻለሁ። ቤቱን ምን ላደርገው? ግን የአባቴ ቤት ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉ። «ይኸው ጠየቃችሁኝ። እመጣለሁ።»

ጋሽ ደምሰው ድንጋዩን ሲያወርዱ የእኔም ትከሻ አብሮ ቀለለው።

በገበያው ቀን እማሆይ እንዳሉት መጡ፤ ማዘጋጃ ቤት ገብተው ፈቃዳቸውን ሰጡ። ከዚያም ቤቱን አንድ ጊዜ ልየው ብለው ገቡ። የበሩን መቃን ዳሰስ አድርገው፣ ወደ ጓዳው አለፉና በጣታቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

«በዚህ ጥግ ክረምት ክረምት ያፈሳል። ነግሯችኋል?»

ጋሽ ደምሰው ሳል ያዛቸው። ባለቤቴ ግን ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። የዚያን ዕለት ጓዙን ፈታን፤ አልጋውንም ዘረጋን። እኔም እንደዚያ ቀን ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ልጃችን ክርስትና ስትነሣ ጋሽ ደምሰውን ከነባለቤታቸው ጠራናቸው። የክብር ቦታ ሰጠናቸው፤ ጠላውም ደህና ወረደላቸው። ይሄኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«እኔ የምለው፣ ይህን ቤት ለመሸጥ ካሰባችሁ፣ ደህና ገዢ...»

አልጨረሱትም። ባለቤቴ ሰምታ ኖሮ፣ የቡጢ ያህል ጉርሻ ጠቅልላ አፋቸው ውስጥ ከተተችው።