የአጎታችን የወርቅ ጥቅል

ዲኮር፦ ጥቁር ነው አልኩህ፣ ጥቁር! የወንበሩ ልብስ ነጭ ከሆነ ሰው ኬክ ይጠብቃል።

መርፌ፦ ጥቁር ከሆነስ ምን ይጠብቃል?

ዲኮር፦ ምንም አይጠብቅም። ተቀምጦ ያለቅሳል።

መርፌ፦ ቆሞ ማልቀስ አይቻልም እንዴ?

ዲኮር፦ ቆሞ ያለቀሰ ሰው ይደክመዋል። ሲደክመው ደግሞ ሐሜት ይጀምራል። «ወንበር እንኳ አጥተው!» ይልሃል።

[ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ለሠርግ ድንኳን፣ ወንበርና መድረክ ያከራያል፤ ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ ዲኮር ይለዋል። ታናሹ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀጭንና ድምፀ ትንሽ ስለሆነ መርፌ ይሉታል። የተቀመጡት በመርፌ ጠባብ የስፌት ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው ሱሪዎች። ሁለቱንም ያሳደጋቸው አጎታቸው ትናንት ጠዋት ዐርፎ አሁን አስከሬኑ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ዲኮር እስካሁን አላለቀሰም። ሥራ ከያዘ እንባ አይመጣለትም፤ ሥራ ደግሞ ይዟል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዘጋጅ የኖረው ሠርግ ስለሆነ፣ ቀብርም ሙሽሪት የሌለችበት ሠርግ ይመስለዋል።]

መርፌ፦ እሺ።

ዲኮር፦ ጎበዝ። የዝግጅት ጥቅሎቹ ሦስት ናቸው፤ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ። እኛ የወርቁን ይዘናል።

መርፌ፦ መቼ ያዝነው?

ዲኮር፦ አሁን። አንተ «እሺ» ስትል።

መርፌ፦ እኔ እሺ ያልኩት ለወንበሩ ልብስ ነው እኮ ጋሼ።

ዲኮር፦ የወንበር ልብስ ያለው በወርቁ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። በነሐሱ ወንበሩ ራቁቱን ነው የሚቀርበው።

መርፌ፦ ሌላስ ምን አለው፣ ወርቁ?

ዲኮር፦ ምን የሌለው አለ! ቀይ ምንጣፍ፣ መድረክ፣ ከመድረኩ ሥር ጭስ የሚለቅ ማሽን...

መርፌ፦ ጭሱ ይቅር። አጎታችን አስም አለበት።

ዲኮር፦ ሞቷል እኮ!

መርፌ፦ የሞተው በአስሙ ነው እኮ።

ዲኮር፦ ታዲያ ከእንግዲህ ምን ያደርገዋል?

መርፌ፦ እኔስ? እኔም አለብኝ።

ዲኮር፦ አንተ ከኋላ ትቆማለህ። ቀጥሎ አበባ አለ። መጨረሻ ላይ አበባው ወደ ሕዝቡ ይወረወራል፣ ሰው ይሻማል፣ የቀለበው ሰው ደግሞ...

መርፌ፦ የቀለበው ሰው ምን?

ዲኮር፦ ቀጣዩ...

[ዲኮር አፉን ከፍቶ ይቀራል።]

ዲኮር፦ አበባው ይቅር።

መርፌ፦ እኔም ባልቀልበው ደስ ይለኛል።

ዲኮር፦ የመግቢያ ሙዚቃ ግን ግድ ነው። ሙሽራው... ማለቴ አጎታችን ሲገባ ጸጥታ ከሆነ ሕዝቡ ይተኛል። ምን ዓይነት ዘፈን ነበር የሚወደው?

መርፌ፦ ዘፈን አይወድም። ሬዲዮ ከፍቶ የሚሰማው የአየር ሁኔታ ብቻ ነበር።

ዲኮር፦ እሱንም ቢሆን እናስገባዋለን። ከበሮ ከሥሩ ይጨመርበታል።

መርፌ፦ ዝናብ አለ ቢልስ?

ዲኮር፦ ድንኳን አለና! ደግሞ ድሮን አለ። ከላይ ሆኖ ሁላችንንም ይቀርጸናል።

መርፌ፦ ከላይ ሆኖ ለማየትማ አጎታችን ራሱ አለ አይደል?

ዲኮር፦ አጎታችን ፊልሙን ለዘመድ አይልክም! አሁን ሳጥኑን ስማኝ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ውስጡ ሐር፣ እጀታው እንደ መስታወት፣ ክዳኑ ሥር መብራት አለው። መብራቱ ቀለም ይቀያይራል። በሪሞት ነው።

መርፌ፦ ሪሞቱ ማን ጋ ይሆናል?

ዲኮር፦ እኔ ጋ ነዋ።

መርፌ፦ ከተቀበረ በኋላስ?

ዲኮር፦ ከተቀበረ በኋላማ... ያው ሲቆይ ይጠፋል።

መርፌ፦ እስኪጠፋ እንዴት ሊሆን ነው? አጎታችን እኮ መብራት በርቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

[ዲኮር ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። «ይህን ልጅ አጎታችን ሲያሳድግ የት ላይ ነው የተሳሳተው?» ይላል በልቡ። ከዚያ ትዕግሥቱን ሰብስቦ ወደ ሥራው ይመለሳል።]

መርፌ፦ ይሄ ሁሉ ታዲያ ለነገ ይደርሳል?

ዲኮር፦ ነገ? ነገን ማን ይሰጥሃል! ቅዳሜና እሑድ ድንኳኑ ለሠርግ ተይዟል። ድሮኑም ሠርግ ላይ ነው። የምንቀብረው ሰኞ ነው።

መርፌ፦ እስከዚያ የት ይቆያል?

ዲኮር፦ እዚያው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነዋ።

መርፌ፦ ማቀዝቀዣው በአዳር ያስከፍላል እኮ።

ዲኮር፦ ሆቴልስ በአዳር አያስከፍልም?

መርፌ፦ ሆቴል ቁርስ አለው።

ዲኮር፦ አትከራከረኝ። ስድስት ሚዜ ያስፈልገናል።

መርፌ፦ ለአጎታችን?

ዲኮር፦ ሳጥኑን የሚሸከሙትን ነው የምልህ! ስድስቱም አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ። እሱን አንተ ትሰፋለህ።

መርፌ፦ ጋሼ፣ ክፍያውስ? የወርቁን ማለቴ ነው።

ዲኮር፦ [ለደንበኛ ሒሳብ ሲናገር እንደሚያደርገው ድምፁን አለስልሶ] ይኸውልህ ወንድሜ፣ ይህችን የስፌት መኪና ትሸጣታለህ።

[መርፌ መዳፉን መኪናዋ ላይ ያሳርፋል። አጎታቸው ነው የገዛለት፤ ልጆቹን የሚያበላውም በእሷ ነው። ዲኮር ይህን አሳምሮ ያውቃል። ክፉ ሰውም አይደለም። ግን አንድ ጊዜ የወርቁን ጥቅል በሐሳቡ ዘርግቶ ካየ በኋላ ወደ ነሐሱ መውረድ ሞት ነው።]

መርፌ፦ መኪናዋን ከሸጥኳት የሚዜዎቹን ልብስ በምን እሰፋለሁ?

ዲኮር፦ መጀመሪያ ትሰፋለህ፣ ከዚያ ትሸጣታለህ። ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አታውቅም?

መርፌ፦ ከቀብሩ በኋላስ ልጆቼን በምን አበላለሁ?

ዲኮር፦ ያኔ እናስብበታለን! አሁን የሚያስጨንቀኝ ሰው ምን ይላል የሚለው ነው። የአገሩን ሠርግ ሁሉ የማሳምር ሰውዬ፣ ያሳደገኝን አጎቴን በነሐስ ጥቅል? ከዚያ ወዲያ ማን ድንኳን ይከራየኛል?

መርፌ፦ እንግዲያው ድንኳኑ ላይ ስልክ ቁጥርህን እንጻፍበት?

ዲኮር፦ ተጽፏል።

መርፌ፦ ጥሩ ነው።

ዲኮር፦ አየህ፣ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አእምሮህ አይሄድም። በከንቱ አትጨነቅ። ሁሉንም ለእኔ ተወው።

መርፌ፦ ሁሉንም?

ዲኮር፦ ሁሉንም!

መርፌ፦ ተውኩልህ።

[መርፌ ኪሱን ይዳብስና ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል።]

መርፌ፦ አቤት አክስቴ... አይ፣ ሐዘን ላይ ነን ብዬ ድምፁን አጥፍቼው ነው... አዎ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። የወርቁ ጥቅል ነው።

ዲኮር፦ [በሹክሹክታ] ድሮኑን ንገራት! ድሮኑን!

መርፌ፦ ድሮንም አለው... ክፍያውማ ጋሼ ነው... አዎ፣ ከራሱ ኪስ፣ ሁሉንም... እኔማ ምን አለኝ... [ወደ ዲኮር] ተባረክ ትልሃለች።

ዲኮር፦ አሜን በላት።

[ደረቱ ይነፋል። የተነፋው ደረት እዚያው እንዳለ ነገሩ ይገባዋል።]

ዲኮር፦ ቆይ! ምን አልካት?

መርፌ፦ አንድ ጊዜ ጋሼ፣ ሌላ ሰው ገባ። አቤት... የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነዎት? እግዜር ይስጥልን... አይ፣ እንዳታዋጡ ብሏል። ካዋጣችሁ ይቀየማል።

ዲኮር፦ ማነው የሚቀየመው?

መርፌ፦ [ስልኩን በእጁ ከድኖ] ሰፈሩ ገንዘብ ሊያዋጣ ነበር። አስቀረሁልህ።

ዲኮር፦ ለምን ታስቀራለህ?

መርፌ፦ ሰው ምን ይላል ብዬ ነዋ።

ዲኮር፦ እኔ እከፍላለሁ ያልኩት መቼ ነው?

መርፌ፦ አሁን። አንተ «ሁሉንም ለእኔ ተወው» ስትል።

ዲኮር፦ ሐሳቡን ነው ያልኩህ! ማሰቡን!

መርፌ፦ ውይ! እኔ ደግሞ ክፍያውን መስሎኝ። ታዲያ ምን ችግር አለው? መልሼ ልደውልና «ጋሼ የሚችለው ሐሳቡን ነው፣ ገንዘቡን አይደለም» ልበላቸው።

ዲኮር፦ አንተ! አስቀምጥ ያንን ስልክ!

[ዲኮር በርጩማው ላይ ዘፍ ይላል። በልቡ ያሰላል። ድሮኑ የሰው ነው፣ ጭሱ የሰው ነው፣ ባለ መብራቱ ሳጥን የሰው ነው፤ የራሱ የሆነው ወንበሩና ድንኳኑ ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የወርቁን ጥቅል ከሻጭ በኩል ነበር የሚያየው። አሁን ከከፋይ በኩል አየውና ላብ አጠመቀው።]

ዲኮር፦ እንደው... አጎታችን ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር?

መርፌ፦ ጥሩ ሰው።

ዲኮር፦ ቀለል ያለ ሰው! ሁለት ሸሚዝ ነበረው፤ አንዱን ለብሶ ሌላውን ያጥባል። እንዲህ ያለ ሰው ቀይ ምንጣፍ ላይ ምን ይሠራል?

መርፌ፦ አይ፣ ምንጣፉማ ይኑር ጋሼ።

ዲኮር፦ ጭቃ ላይ? ማን ሊያጥበው! ቀርቷል።

መርፌ፦ ጭሱስ?

ዲኮር፦ በአስም ለሞተ ሰው ጭስ? ምን ነካህ አንተ? ነውር አይደለም?

መርፌ፦ እኔ እንኳ ከኋላ ልቆም ነበር።

ዲኮር፦ ከፊት ቁም!

መርፌ፦ ድሮኑን ግን አክስቴ ወዳዋለች...

ዲኮር፦ ከላይ ሆኖ ለማየትማ እሱ ራሱ አለ!

መርፌ፦ [በአድናቆት] እንዴት ያለ ነገር ተናገርክ!

ዲኮር፦ ልምድ ነው።

መርፌ፦ ባለ መብራቱ ሳጥንስ?

ዲኮር፦ ጣውላ! ተራ የጣውላ ሳጥን ምን ጎደለው? አፈር ሊለብስ ነገር ለማን ነው የሚያብለጨልጨው?

መርፌ፦ እንግዲህ እስከ ሰኞ...

ዲኮር፦ የምን ሰኞ! ነገ ነው! በየአዳሩ ሊያስከፍሉኝ ነው እንዴ? ያለ ቁርስ?

መርፌ፦ ሰውስ ምን ይላል?

ዲኮር፦ ያሻውን ይበል! የሚናገር ካለ መጥቶ ይክፈል። ስማ፣ ልምከርህ። ሰው ሲቀበር የማይቀረው ምን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

መርፌ፦ እኔ የት አውቄ።

ዲኮር፦ ሳጥኑ፣ የአስከሬን መኪናው፣ መቃብር ቦታው፣ ቆፋሪዎቹ። አለቀ! የቀረው ሁሉ ለቆመው ሰው ዓይን ነው። ሻጭ ሁሉ የሚያተርፈው ከሐዘንተኛው ድንጋጤ ነው። እኔ ልንገርህ፣ እዚያው ውስጥ ነው የምኖረው።

መርፌ፦ እንዲህ ከሆነ የስፌት መኪናዋን ስሸጥ ሊተርፈን ነው።

ዲኮር፦ የምን መሸጥ? አጎታችን የገዛልህን መኪና? ማነው ሽጣት ያለህ?

መርፌ፦ አን...

ዲኮር፦ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አትሸጣትም! ማልልኝ።

መርፌ፦ አጎቴን!

[መርፌ መዳፉን ከመኪናዋ ላይ ያነሳል። ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል።]

ዲኮር፦ አሁን የቸገረኝ ጊዜው ነው። በአንድ ቀን ሳጥን ማን ይሠራልናል? ለመቃብሩ ቦታስ ማን ማዘጋጃ ቤት ይመላለሳል?

መርፌ፦ ሳጥኑ አልቋል።

ዲኮር፦ ምን?

መርፌ፦ ፊት ለፊታችን ያለው አናጢ ትናንት ጨርሶታል። ውስጡን እኔ ነኝ ያለበስኩት፣ ከቤት ባለ ነጭ ጨርቅ። ማዘጋጃ ቤትም ሄጄ ቦታውን አስፈቅጃለሁ። ለቆፋሪዎቹና ለአስከሬን መኪናው ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ያለኝ በቅቶልኛል። የቀረኝ አንተን ማሳመን ነበር።

ዲኮር፦ ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከኝም?

መርፌ፦ ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር?

ዲኮር፦ አልልህም ነበር።

መርፌ፦ እሱን ፈርቼ ነው።

ዲኮር፦ ሁሉን ከጨረስከው ታዲያ ለእኔ ምን ሥራ ተረፈኝ?

መርፌ፦ ለቅሶው።

[ዲኮር ዙሪያውን ያያል። የሚደውልለት ባለ ድሮን የለም፣ የሚቆጥረው ወንበር የለም። ያኔ አጎቱ መጣበት፤ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጁ ይዞ መንገድ ሲያሻግር። እንደ ሕፃን ሆዱን ይዞ አለቀሰ። መርፌ አልከለከለውም፤ አብሮት አለቀሰ። ሲወጣላቸው ዲኮር ፊቱን በሰው ሱሪ ጠረገና ወዲያው ወደ ዐዋቂነቱ ተመለሰ።]

ዲኮር፦ በል አሁን ስልኩን አምጣው። አክስታችንን እኔ ራሴ ላስረዳት። አንተ ነገሩን ታበላሸዋለህ።

መርፌ፦ ተወው ጋሼ፣ ግድ የለም።

ዲኮር፦ አምጣው ስልህ! [ይነጥቀዋል። ይጫነዋል። ያገላብጠዋል። በጥፊ ይመታዋል።] ይሄ ስልክ አይሠራም እኮ!

መርፌ፦ ባትሪው ካለቀ ሰነበተ።

ዲኮር፦ ታዲያ እስካሁን ከማን ጋር ነበር የምታወራው?

መርፌ፦ ከአንተ ጋር ነዋ።