የበርበሬ ችግኝ ጥየቃ

ኮልፌ ታማችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ቦታ የታመመ ሰው ይተኛል፤ በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው እንግዳ ይቀበላል። ራሱን አሞት ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው በሩ ይንኳኳል፣ "እግዜር ይማርህ" ይባላል፣ ወንበር ከጎረቤት ይለመናል። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ወተት፣ አጥሚት፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ሌላው ቢቀር ምክር ይዞ ይመጣል። በሽተኛውም የመጣለትን ሁሉ ይጠጣል፤ ምን ያድርግ? ያንዷን ጨርሶ የሌላዋን ቢያስተርፍ ቅያሜ ነው። ከበሽታው ይልቅ አጥሚቱ ያሰቃየው ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም እንጂ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ይኸው እያወጋላችሁ ነው።

ልማዱን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ወንደላጤ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ያ ጥየቃ ባይኖር ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? እኔን ያሳሰበኝ ነገር ሌላ ነው። ይኸው ደግነት ከሰው አልፎ ወደ አትክልት ሲሸጋገር ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ የመጨረሻ መሆናቸውን ግን ያኔ የነገረን የለም። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጧት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ተጋፍቼ እሄዳለሁ፣ ማታ ተጋፍቼ እመለሳለሁ። የምኖረው እማማ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እማማ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው የሸዋ ሴት ናቸው፤ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጓሮ እናታቸው ከይፋት ይዘውት የመጡትን የበርበሬ ዘር እያባዙ ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በየዓመቱ ደህና ደህናውን ዛላ መርጠው ፍሬውን በጨርቅ ቋጥረው ያኖራሉ። ያን ዓመት ግን ጣሪያው አፍስሶ የቋጠሮው እኩሌታ ሻገተባቸውና የተረፈውን በሙሉ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳያስቀሩ፣ መደብ ላይ ዘሩት።

ችግኙ ብቅ ብሎ ሁለት ሁለት ቅጠል እንዳወጣ፣ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ወለደች የሚል መልእክት መጣ። እማማ ልጃቸውን ሊያርሱ መሄዳቸው ነው። ከመሄዳቸው በፊት ወደ መደቡ ወስደው አቆሙኝና በሁለት ቀን አንድ ጊዜ በጣሳ እንዳርከፈክፍ፣ ሌላ ምንም እንዳላደርግ ነገሩኝ።

"አደራህን ልጄ፤ የእናቴ ዘር ይኸው ብቻ ነው የቀረኝ" አሉኝ።

አደራ የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ቢሆን ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቅጠል ላይ በምን ይቆለፋል? እኔ በርበሬን የማውቀው ከወጥ ውስጥ ብቻ ነው። ቢሆንም የተባልኩትን አደረግኩ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ጣሳዬን ይዤ አረከፈከፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጧት፣ ጥግ ላይ ካሉት አንዷ ታችኛው ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ አገኘኋት። አንዲት ቅጠል ናት። ዝም ብል ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩት። እኔ ግን ፌርማታው ላይ ለሻምበል ወልዴ ነገርኳቸው።

ሻምበል ወልዴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ይኖራሉ። ከሥራ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ገብቷል። "የጥሩወርቅ በርበሬ ታሟል" ተብሏል። ሻምበል ራሳቸው ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። እርሳቸው እንደሚሉት ችግኝም እንደ ምልምል ወታደር ነው፤ ጧትና ማታ ሰዓቱን ጠብቆ ካልጠጣ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በጣሳ ማርከፍከፌን ሰምተው በሐዘን ዓይን ተመለከቱኝና ባልዲውን እንዳለ ገለበጡት።

እርሳቸው ሳይወጡ እትዬ ዘነበች ገቡ። እትዬ ዘነበች ላም አላቸው፤ በአሮጌ ሳፋ ገና ትኩስ እበት ይዘው መጥተዋል። አፈሩ ተርቧል አሉና በየችግኙ ሥር እፍኝ እፍኝ አደረጉለት። ደግሞም እንዲህ በአንድ ጀንበር መገርጣት ያለ ዓይን አይሆንም ብለው፣ የመንገደኛ ዓይን እንዳያርፍበት መደቡን በጆንያ አለበሱት። በማግስቱ ጎረቤታችን ድሬሰሩ ኢሳያስ ቁስል ከሚያጥብበት ክሊኒክ ሲመለስ ጎራ አለ። ቅጠሉን ገልብጦ አየ፣ የደም ማነስ ነው አለ፣ ሁለት ክኒን በብርጭቆ ውኃ አሟሙቶ አጠጣ። ኢሳያስ ጴንጤ ነውና ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ረዘም ያለ ጸሎትም አደረሰ። እትዬ ዘነበች ጸሎቱ እስኪያልቅ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆዩ፤ "አሜን" ሲባል ግን እርሳቸውም አሜን አሉ።

እኔስ? እኔማ ወንበር አቀርባለሁ። "ኧረ ምን ቸገራችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። ሻምበል እንዲያጠጡ ፈቅጄ እትዬ ዘነበችን እንዴት "ይብቃ" ልላቸው ነው? በቤታቸው ስንት ጊዜ በልቻለሁ! ሰዎቹ ሲወጡ ደግሞ፣ የእኔ ድርሻ እንዳይጎድል ብዬ ጣሳዬን አነሣለሁ።

ጥየቃው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መደቡ በሙሉ የሎሚ መልክ ያዘ። ቁመታቸውማ ቆመ፤ ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት እርሳስ በየጧቱ እለካለሁ፣ ያው ናቸው። በየቀኑ አራት አምስቱ እየተጋደሙ ጠፉ። እነርሱ በገረጡ ቁጥር ጠያቂው በዛ፣ ጠያቂው በበዛ ቁጥር እነርሱ ገረጡ። በዚህ መሐል ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አራሷ ደህና ናት፣ ልጁ ወንድ ነው፣ በርበሬዬስ እንዴት ሰነበተ? ይላል። ወረቀት አውጥቼ "በጣም ደህና ነው" ብዬ ጻፍኩና ፖስታውን አሸግኩ። የአንዲት ሴት የእናቷ ዘር በእጄ ላይ እያለቀ ነበር፤ ፈራሁ፣ አፈርኩም።

ያዳነኝ አቶ ደበላ ነው። አቶ ደበላ ወንዙ ዳር ጎመን እየተከለ በአህያ ጭኖ የሚሸጥ ሰው ነው። ያን ቀን ጎመን ልገዛው ስጠራው በአጥሩ በኩል መደቡን አየና ሳይጠየቅ ገባ። ምንም አልያዘም። ቁጢጥ አለ፣ ጆንያውን ገለጠ፣ አንዷን ችግኝ በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ አወጣት። ሥሯ ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ክር ተበጠሰ። ከዚያ አፈሩን በእጁ ጨበጠው፤ ውኃው በጣቶቹ መሐል ወረደ።

"እነዚህ አልታመሙም" አለኝ፤ "ሰጥመዋል።"

ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቀው፣ "ተዋቸው" አለ። እስከ መቼ? እስኪጠማቸው። እበቱ ትኩስ ስለሆነ ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ጆንያውም ፀሐይ ይከለክላል አለና ሁለቱንም አነሣ። በመደቡ ዙሪያ ውኃው የሚወርድባት ጠባብ ቦይ ቆፈረልኝ፤ ከዚያ አህያውን ነድቶ ሄደ።

ተዋቸው ማለት ቀላል ነው፤ እኔ እተዋለሁ፤ ኮልፌን ማን ተው ይለዋል? በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየተለማመድኩ መጣሁ። ሻምበል ባልዲያቸውን ይዘው ሲገቡ በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ በር ላይ ቆምኩ።

"ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሐኪሙ ጠያቂ ከልክሏል" አልኳቸው።

የትኛው ሐኪም እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ደበላ ስል፣ ያ ጎመን ሻጭ? አሉና ባልዲው ጫማቸው ላይ እየተንቦጫረቀ ተመለሱ። እትዬ ዘነበች እበታቸውን ስመልስባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሡኝ። ኢሳያስ ብቻ ሳይቀየም፣ እንግዲያው ከቤቴ ሆኜ እጸልይላቸዋለሁ አለ። ያን ሰሞን ሰፈር ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት። እውነቴን ነው፤ ብሞት ማን ይቀብረኛል እስከማለት ደርሼ ነበር።

አፈሩ በአምስተኛው ቀን ደረቅ አለ። በስምንተኛው ቀን ጧት ከቢጫዎቹ ቅጠሎች መሐል፣ ከአንዷ አናት ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላ አየሁ። በማግስቱ ሌላ። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም፤ መዝገብ ቤት ገብቼ አለቃዬን ሳላስበው ጉንጩን ሳምኩት።

እማማ ጥሩወርቅ በግንቦት መጨረሻ ከአውቶቡስ ወርደው ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስገቡ ወደ ጓሮ ሄዱ። ከመቶ በላይ ከነበረው ችግኝ የቆመው ሠላሳ ስድስት ነው። ሁሉንም ነገር አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ፤ ባልዲውን፣ እበቱን፣ ጆንያውን፣ ክኒኑን፣ በደብዳቤ የዋሸሁትንም። ይቆጡኛል ስል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪደክማቸው ሳቁ።

"እኔ እኮ ላንተ የተውኩልህ ምንም ስለማታውቅ ነበር" አሉ። "ሰፈሩ በሙሉ አዋቂ ነው፤ አዋቂ ደግሞ እጁ አያርፍም። ያንተ ያርፋል ብዬ ነበር።"

ሰው ባለማወቁ ታምኖ እንደገና ባለማወቁ አደራ ሲበላ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እማማ በማግስቱ አሥር ያህሉን ችግኝ ከነአፈሩ አንሥተው በኮባ ቅጠል ጠቀለሉና ቤት ለቤት ሊያዞሩ ተነሡ። በሌሉበት በሽተኛ ለጠየቀላቸው ሰው ምስጋና አለባቸዋ! ለሻምበል ሁለት፣ ለእትዬ ዘነበች ሁለት፣ ለኢሳያስ ሁለት፣ ለአቶ ደበላ ሁለት። እኔ ጥቅሉን ተሸክሜ እየተከተልኩ አኮረፍኩ። ለደበላስ ይሁን፤ ሊገድሉ ለነበሩት ሰዎች የእናትዎን ዘር ይሰጣሉ? አልኳቸው።

እማማ መንገድ ላይ ቆም አሉ። "እስከ ዛሬ አንድ ጓሮ ውስጥ ስለነበረ አይደል በአንድ ጣሪያ ማፍሰስ ሊጠፋ የነበረው?" አሉኝ። "አሁንማ ይህን ዘር ለማጥፋት ኮልፌ በሙሉ መተባበር አለበት።"

"ይተባበራሉ፣ አያውቋቸውም" ልላቸው ፈልጌ ተውኩት፤ ደግሞም ተሳስቼ ነበር። እትዬ ዘነበች ጥቅሉን ሲቀበሉ ለእኔም ሰላምታ ሰጡኝ። ሻምበል ሁለቱን ችግኞቻቸውን በርሜላቸው አጠገብ ተክለው፣ ያቺ ባልዲ ቀዳዳ አውጥታ ይሁን ተቀይመው ይሁን እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ረሷቸው፤ መስከረም ላይ ዛላቸው ከሁሉ በለጠ።

የቀሩት ሁለቱ ለእኔ ተሰጡ። በቆርቆሮ ተክዬ መስኮቴ ላይ አኖርኳቸው። እኔ ትምህርቴን በሚገባ ስለተማርኩ አንዲት ጠብታ ውኃ አላስነካኋቸውም፤ በሳምንታቸው ሁለቱም ደርቀው ሞቱ። ለማንም አልተናገርኩም። ለቅሶ ደራሽ ፈርቼ።