ባለአበባዋ እርሳስ ብረት

[እንግሊዝ አገር፣ ሳፎክ፣ ገና በታረሰ የስንዴ ማሳ ላይ። ባዚልና ዊልፍ የብረት መፈለጊያ ማሽናቸውን ተሸክመው ከጠዋት ጀምሮ ጭቃ ያቦካሉ። አባል የሆኑበት የብረት ፈላጊዎች ማኅበር የሚሸልመው የወሩ ምርጥ ግኝት ዋንጫ ሁሌ እያመለጠው የባዚል አንጀት አርሯል። ውድድሩ ደግሞ ዛሬ ማታ ነው።]

ባዚል፦ አሁንም እርሳስ ብረት ይዘህ መጣህ! አንተ ሰውዬ፣ ይህን ኮተት ወርውር አላልኩህም?

ዊልፍ፦ ታምራለች እኮ። ክብ ናት።

ባዚል፦ የላም እበትም ክብ ነው። እሱንም ቤትህ ልታስገባ ነው?

ዊልፍ፦ እሱ ይሸታላ።

ባዚል፦ እግዜር ይይልህ! ስንት ዓመት ላስተምርህ? ብር ከሆነ ትስማለህ፣ እርሳስ ከሆነ ትወረውራለህ። አለቀ!

ዊልፍ፦ አንተማ ስትወረውር አይቼሃለሁ። ክንድ አለህ።

ባዚል፦ አምጣት፣ እኔው ልገላግልህ!

[ሊወረውራት እጁን ሲያነሳ አውራ ጣቱ ሻካራ ነገር ነካ። ጭቃውን በምራቁ ጠረገው። በአንድ ፊቷ አበባ፣ በሌላው ሁለት ፊደል። ባለፈው ሐሙስ ማኅበሩ የጋበዘው ምሁር ያሳያቸው ይህንኑ ነበር፦ ድሮ የመጠጥ ቤት ባለቤት የስሙን ፊደል ቀርጾ፣ በዝርዝር ሳንቲም ፈንታ ለደንበኛው የሚመልሳት እርሳስ። የዛሬው ዳኛም ያው ምሁር ነው። ዊልፍ ግን ሐሙስ ዕለት ብስኩቱን ጨርሶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነበር።]

ባዚል፦ [ድምፁን አለስልሶ] ዊልፍዬ፣ ለመሆኑ ምን ልታደርጋት ነው?

ዊልፍ፦ ለዓሣ ማጥመጃ መንጠቆዬ ክብደት።

ባዚል፦ ውይ፣ ስታሳዝን! ሚስትህ ዶሪን ይህን ቆሻሻ ስታይ ምን ትላለች? በል፣ በምትኳ ጠዋት ያወጣኋትን የብር ሳንቲሜን ውሰድ።

ዊልፍ፦ ንጉሡ ያለባትን?

ባዚል፦ ከነዘውዱ!

ዊልፍ፦ ለዚች ኮተት? ታመሃል እንዴ?

ባዚል፦ ጓደኛ ለመቼ ነው?

ዊልፍ፦ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ደግ አትመስለኝም ነበር።

ባዚል፦ እጅህን አምጣ! አንዴ ከተጨባበጥን መመለስ የለም።

[ተጨባበጡ። ባዚል እርሳሷን ደረት ኪሱ ከተተና ሳቁን ለቀቀው።]

ባዚል፦ ቂል! ይህቺ ተፈልጋ የማትገኝ ናት፤ ማታ ዋንጫ ታስበላኛለች! ዳኛው ብር ማየት ሰልችቶታል። እኔ ስሰማ አንተ ተኛህ፣ እንግዲህ ቻለው!

ዊልፍ፦ ግን በደንቡ የሚያቀርባት ከመሬት ያወጣት ሰው አይደል?

ባዚል፦ ያወጣኋት እኔ ነኝ እላለኋ! ምስክር አለህ?

ዊልፍ፦ [እፎይ ብሎ] ተመስገን! ትዋሻለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ያወጣሃትማ አንተ ነህ።

ባዚል፦ ምን ማለት ነው?

ዊልፍ፦ የኔ ማሽን እኮ ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ የለውም። ያነሳኋት ከዚያ አጥር ሥር ነው፤ አንተ ሁልጊዜ እርሳስ ከምትወረውርበት።

[ባዚል ሳቁን አቁሞ ወደ አጥሩ ዞረ።]

ባዚል፦ ሌላም... ሌላም አለ?

ዊልፍ፦ ነበር እንጂ! አበባ ያለበት፣ መልሕቅ ያለበት፣ ዶሮ ያለበት። በወረወርክ ቁጥር እየተከተልኩ ለቅሜዋለሁ።

ባዚል፦ [ክንዱን ጨምድዶ] ዊልፍ፣ የኔ ጌታ፣ የት አሉ?

ዊልፍ፦ አቅልጬ የመንጠቆ ክብደት አደረግኳቸዋ። ወንዝ ውስጥ ቀሩ። ዓሣ እንኳ አልያዙልኝም።

[ባዚል ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።]

ዊልፍ፦ አይዞህ! ማታ ምስክር የምሆንህ እኔ ነኝ። እንዴት እንዳወጣሃት፣ እንዴት እንደወረወርካት፣ በምን መልሰህ እንደገዛሃት፣ አንድ ሳላስቀር ለዳኛው እነግርልሃለሁ።