በአንዲት «ን» የተጣላን አራት ሰዎች

ሰዎች «አንድ እንሁን» ብለው ሲሰበሰቡ ካያችሁ ፈጠን ብላችሁ ሽማግሌ ፈልጉ። ለጠብ የተሰበሰበ ሰው ተሰዳድቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለአንድነት የተሰበሰበ ግን የዋዛ አይደለም! «ማጋነን ትወዳለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፤ እኔ ግን የማወራው ጎንደር ውስጥ፣ ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በራሴ የደረሰውን ነው።

ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። አዘዞ ላይ ማኪና የሚጠግን፣ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣልያን ወደ አስመራ ሲሄድ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሰጠኝ። ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ መማሪያ ናት። ማብራሪያዋ በጣልያንኛ ነው፤ እኔም በወረራው ጊዜ የለቃቀምኳት ጣልያንኛ ነበረችኝ። ይህን ቋንቋ አንድ የዓይን ሐኪም ቁጭ ብሎ የሠራው ነው አሉ፤ የዓለም ሕዝብ በአንድ አፍ ቢነጋገር ጦርነት ይቀራል ብሎ! ገና ከጦርነት የወጣን ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንሁን? በደስታ ሰከርን!

አራት ሆነን ጀመርን፦ እኔ፣ የቴሌግራም ሠራተኛው ጓደኛዬ ታደሰ፣ የቁስቋሙ የቅኔ መምህር መሪጌታ ላቀውና የወንድማቸው ልጅ አልማዝ፣ የሆስፒታል ነርስ። መሪጌታ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። በኋላ ግን በዚህ ቋንቋ ተሳቢ ሁሉ መጨረሻው ላይ እንደኛው «ን» እንደሚጨምር ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ዘለሉ። «ውሻ ሰውን ነከሰ ስንል ነካሹንና ተነካሹን የምትለይልን ይህችው አይደለችም? የኛው ናት እኮ!» አሉና አሸበሸቡ። እውነቴን ነው፣ በቅጡ አሸበሸቡ!

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ «ሳሉቶን!» እንባባላለን፤ ሰላምታ ነው። የከተማው ሰው ጤናችንን ቢጠራጠርም ግድ አልሰጠንም። እኔማ ድፍረቱን አግኝቼ አልማዝን «ሚ አማስ ቪን» አልኳት፤ እወድሻለሁ ማለት ነው። አቀረቀረችና፣ አነጋገሬን አረመችልኝ። ከዚህ የበለጠ እሺታ ከወዴት ይመጣል?

ደስታችን በዚህ ላይ ሳለ ታደሰ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ለካ ፈረንጆቹም እርስ በርሳቸው ተጣልተው ኖሯል! የሐኪሙ ተማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ «ይሻሻል»፣ «አይነካም» ተባብለው ተከፈሉ። አሻሻዮቹ ኢዶ የሚባል ቋንቋ አወጡ፤ የግድ የነበረችውን «ን» ደግሞ ከግዴታ አወጧት። ታደሰ ይህን እንደ አዋጅ ካሰማን በኋላ ከእንግዲህ ሰላምታችን «ሳሉቶ» ብቻ ነው አለ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ምነው ታደሰ! ባለቤትና ተሳቢ ሳይለይ ሰው እንዴት ያድራል?» አሉ። እኔ አዲስ ነገር አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁምና ከታደሰ ወገን ቆምኩ፤ አልማዝ ከአጎቷ ወገን። ለዓለም አንድነት የተነሣን አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆንን! መሪጌታም «ን»ን ለካደ ሰው የወንድማቸውን ልጅ እንደማይድሩ አስነገሩ።

በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄ፣ አቋሜንም ሳልለቅ፣ በአዲሱ ቋንቋ «ሜ አማስ ቩ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። «ማን ማንን?» አለችኝ። «አንተ እኔን ነው ወይስ እኔ አንተን?» ይህን ብላ በሩን ዘጋችው።

ሽማግሌ ከመለመን በቀር ምን ቀረኝ? ፀዳ ድረስ ሄጄ የወሰን ጠብ በማስታረቅ የታወቁትን አያ ገብሬን ለመንኩ። አራታችንንም ግቢያቸው አስቀመጡን።

«የተጣላችሁበት መሬት ወዴት ነው?» አሉ።

«መሬት አይደለም፣ አያ። ‹ን› ናት» አልኩ።

«የማን ልጅ ናት?»

ፊደል መሆኗን መሪጌታ አስረዷቸው። አያ ገብሬ ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። አራት አልናቸው።

«እዚህ ያላችሁት?»

«እዚህ ያለነው።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ፈረዱ፤ «‹ን› ላይ ጾም ጣሉባት። በጾም ቀን ትቅር፣ በፍስክ ትግባ። ሁላችሁም አገኛችሁ፣ ሁላችሁም አጣችሁ» አሉ።

ሸጋ ፍርድ! መሪጌታና ታደሰ ተሳሳሙ። ረቡዕ፣ ዓርብና በአዋጅ ጾም «ሳሉቶ»፣ በሌላው ቀን «ሳሉቶን» እያልን ወራት በሰላም ኖርን። የኔና የአልማዝ ሠርግም ለጥር ተቆረጠ። አውሮፓ ያቃተውን እኛ ጎንደር ላይ ጨረስነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት መጣ፤ ከጥቅምት ጋር ደግሞ የጽጌ ጾም አለ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾማል፣ ያልፈለገ ይበላል። አንድ ማክሰኞ ጧት አራታችን ቁስቋም በር ላይ ስንገናኝ መሪጌታ በትሕትና «ሳሉቶ» አሉ።

ታደሰ ደሙ ፈላ። «‹ን› የታለች?»

«ጽጌ ነው እኮ ልጄ፤ ጾም ነው።»

«ጽጌማ የፈቃድ ነው!» ብሎ ጮኸ ያ አሻሻዩ ታደሰ። «ዛሬ ፍስክ ነው! አንዲት ‹ን› አላስነካም!»

«‹ን› ዛሬ አትገባም ብያለሁ!» አሉ ለ«ን» ያሸበሸቡት መሪጌታ።

ለማንኛውም ሠርጋችን በቀጠሮው ሆነ፤ የተማማልነውም በአማርኛ ነው። ያን ዕለት ጧት ግን ሁለቱ ሲጯጯሁ አልማዝ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረችና «አንተስ? ትጾማለህ አይደል?» አለችኝ። ቁርሴን በቅቤ አርሼ በልቼ ነበር የመጣሁት።