የጋሽ ኩን-ሻን ወፎች እንዳይደነግጡ

በዚህ ዓለም ላይ ወፍ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ ወፍ ከሚያረቡ ሰዎች አጠገብ የሚኖሩም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ማኅበር አላቸው፣ ዓመታዊ ውድድር አላቸው፣ ዋንጫ አላቸው። ለሁለተኛዎቹ ግን እስካሁን የሚቆረቆርላቸው አልተገኘም። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ።

ፑሊ በምትባለው ከተማችን፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቅያስ ቁርስ ቤት አለኝ። ከግድግዳዬ ማዶ ክቡር ጋሽ ኩን-ሻን ከባለቤታቸው ከእትዬ ቢ-ቹና ከወርቅ ፌዛንቶቻቸው ጋር ይኖራሉ። ወንዱ ፌዛንት ለሠርጉ የለበሰ ዶሮ ማለት ነው፦ አናቱ ቢጫ ሐር፣ ደረቱ እሳት የመሰለ ቀይ፣ ጅራቱ ከገዛ አካሉ የሚረዝም። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጋሽ ኩን-ሻን ግን "ለወንዱ መልክ ሲሰጠው ለሷ አእምሮ ተሰጣት" ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት እትዬ ቢ-ቹ በሚሰሙበት ርቀት ላይ ሆነው ነው።

ፌዛንት ሲደነግጥ አያስብም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወነጨፍና አናቱን ከጣሪያው ጋር ያጋጫል። በዚህች አንዲት ጠባዩ የተነሳ ነው እንግዲህ ቅያሳችን በሙሉ በእግር ጣቱ የሚሄደው። ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው መግቢያው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ይገባል። እኔ ገና ሳይነጋ ሊጥ ሳሽ ከግድግዳው ወዲያ "ቀስ! ወርቆቹ ይደነግጣሉ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። አስነጥሼም ይህንኑ ተብያለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ሳነክስ አገኙኝና በሐዘን ዓይን አይተው፣ "እንዲህ ስትራመድ ድምፅህ አይመጣም፤ ጥሩ ነው" አሉኝ።

ከሁሉ የማይረሳው ግን የቆሻሻ መኪናው ነገር ነው። የኛ አገር የቆሻሻ መኪና ሙዚቃ እያሰማ ይመጣል፤ ሙዚቃውን የሰማ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ ያልሰማ ቆሻሻውን ታቅፎ ያድራል። ጋሽ ኩን-ሻን ሾፌሩን መንገድ ላይ ጠብቀው፣ አናናስ አስይዘው፣ "የኛ ቅያስ ጋ ስትደርስ ብቻ ሙዚቃዋን ዝም አድርጋት" ብለው ለመኑት። ሾፌሩም ሰው አክባሪ ነውና እሺ አለ። መኪናው በጸጥታ መጥቶ በጸጥታ ይሄድ ጀመር። በበጋው ሙቀት የቅያሱ ቆሻሻ በየደጁ ተከመረ፤ የዓሣ አጥንት ሸተተ። ነገሩን የደረሱበት ጎረቤቶች ተሰብስበው በራቸውን ሲደበድቡ እሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ጋብቻ ላይ ደግሞ አይጣል ነው። ወንድና ሴት ወፍ ከማገናኘታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሙሽሪትን ለብቻዋ ከሽቦ ወዲያ ያስቀምጡና ጠባያቸው መጣጣሙን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ሙሽራው ኃይለኛ ቢሆን የምትሸሸግበት ቅርንጫፍ ያስገቡላታል። የገዛ ልጃቸውን የጠየቀ ሰው የመጣ ዕለት ግን ጥሬ እየበተኑ ነበር። "ትጮኻለህ?" ብለው ጠየቁት። "አልጮኽም" አለ። "ውሰዳት" አሉት።

ሰውዬው እንዲህ ናቸው። አሁን ወደ ዘንድሮው ፀደይ ልምጣ።

የባሕር ጠባቂ በሆነችው በእመቤት ማዙ ልደት ታቦቷ በከተማው ትዞራለች፤ ርችት ይተኮሳል፤ ያለ ርችት በዓል የለም። ጋሽ ኩን-ሻን እንደ ወትሮው በየቤቱ ብርቱካን እያደሉ፣ ርችቱ ዋናው መንገድ ላይ እንዲተኮስ ለመኑ። የሰፈራችን ሰው ቃሉን ጠበቀ። ከሌላ መንደር የመጡ እንግዶች ግን ይህን አያውቁም ነበር። ቅያሳችን አፍ ላይ አንድ ጥቅል ሙሉ አቀጣጠሉ።

ጄኔራሉ የሚሉት አውራ ወፋቸው ተወነጨፈ። ለስላሳ መረብ ከጣሪያው በታች ዘርግተውለት ነበር፤ እሱ ግን የመታው የማዕዘኑን እንጨት ነው። ስንደርስ ጋሽ ኩን-ሻን ወፉን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ደጅ ቆመዋል፤ ረጅም ጅራቱ ከክንዳቸው ተንጠልጥሏል። ማንንም አልተቆጡም። ታቦቷ በፊታቸው ስታልፍ ወፉን እንደታቀፉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። 

በዚያው ሰሞን የጄኔራሉ ሚስት እንቁላሎች ጣለች። ያንን ዘር ጋሽ ኩን-ሻን ከጎልማሳነታቸው ጀምረው ሲያረቡት ኖረዋል፤ ከጄኔራሉ የቀሯቸው እነዚህ እንቁላሎች ብቻ ናቸው። ችግሩ፣ በረት ውስጥ ያደገች ፌዛንት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች እንጂ አትታቀፍም። መፈልፈያ ማሽናቸው ተበላሽቷል። ዶሮ የሚያውሷቸው ገበሬዎች ጋ ቢዞሩ ለመታቀፍ የተቀመጠች ዶሮ ጠፋች። እንቁላል ደግሞ ብዙ ቀን አይጠብቅም።

እኛ ቤት በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ፔይ-ዩን ሴት ልጅ ተገላግላለች። አማቴ እትዬ ጂን-ቻይ አራሷን ልትጠብቅ ከምትኖርበት ከሉካንግ ስትመጣ ላባቸው ጥጥ የሚመስል፣ ሥጋቸው ጥቁር የሆነ ዶሮዎች በቅርጫት ይዛ መጣች። እነዚህ ዶሮዎች ለአራስ ሾርባ ናቸው፤ ደም ይተካሉ፣ ወገብ ያጠነክራሉ። ከደረጃው ሥር አኖረቻቸውና በተራ ወደ ድስት ታወርዳቸው ጀመር። አንዷ ታዲያ ኩርምት ብላ ተቀመጠችና አልነሳም አለች። እኛ ልብም አላልን። ከግድግዳው ማዶ ግን ድምፅዋን የሰማ ጆሮ ነበር።

ጋሽ ኩን-ሻን የሠርግ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ።

"እትዬ ጂን-ቻይ፣ እንኳን ለልጅ ልጅ አበቃዎት።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ምን ፈልገው ነው?"

"እዚህ ቤት ያለችውን ሴት ልጠይቅ ነበር።"

"አራስ ወንድ አይጠይቃትም። ወሯ ሲሞላ ይመለሱ።"

"አይ፣ ዶሮዋን ነው።"

አማቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች። "ዶሮዋ ዛሬ ከዝንጅብልና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ቀጠሮ አላት።"

"በሷ ፈንታ ገበያ ያለውን ዶሮ ሁሉ ላምጣልዎት። እሷን ብቻ ይተዉልኝ። ተቀምጣለች እኮ!"

"ድስት ውስጥም ትቀመጣለች።"

ጋሽ ኩን-ሻን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ እንቁላል አወጡ። "ይሄ የጄኔራሉ ነው" አሉ። "ይሄና ወንድሞቹ ዛሬ ነገ ካልታቀፉ አለቀ። ሌላ የለኝም።"

 ይህን ጊዜ ከጓዳ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። "እማዬ! በሞትኩት ስጫቸው! ዶሮ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነው!"

"አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ!" አለች አማቴ። ቀጥላ ወደ እሳቸው ዞረች። "ለአራስ የመጣ ዶሮ ከቤት አይወጣም። እንቁላሎችዎን ይዘው ይምጡ።"

ጋሽ ኩን-ሻን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው በማግስቱ ነው። ቅያስ ሙሉ ሰው ዝም ያሰኙት ሰው፣ የመጨረሻ ተስፋቸውን ያኖሩት አዲስ የተወለደች ልጅ ካለችበት ቤት፣ ደረጃ ሥር ነው። ልጄ ደግሞ ስታለቅስ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ገና በመጀመሪያው ጩኸት አፋቸውን ሲከፍቱ አየኋቸው። አማቴም ጭልፋዋን ይዛ አየቻቸው። መልሰው ዘጉት። ዶሮዋ እንደሆነች ዓይኗንም አልገለጠችም።

ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። በአንድ እጃቸው እንቁላል በባትሪ ብርሃን ላይ እያገላበጡ፣ በሌላው የልጄን አልጋ ይወዘውዛሉ። አንድ ማታ አማቴን ጠርተው፣ "ይኸው፣ ደም ሥሩ! ልቡም ይመታል!" አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። "የኛዋን በሐኪም መሣሪያ ሲያሳዩኝ ልክ እንዲህ ነበረች" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረጃው አጠገብ ጫማ አድርጎ የሚያልፍ ሁሉ ከሷ ጋር ይጣላል፤ እኔን ጨምሮ።

የአራሷ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጫጩት ወጣ። ሌሎቹን ጠበቅን። አንዳንዱ እንቁላል ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር፤ አንዳንዱ መሐል ላይ ቀርቷል። ጋሽ ኩን-ሻን በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ "አንድ ብቻ" አሉ፤ እንባቸውም ወረደ።

"እኛስ ስንት ተወለደልን?" አለቻቸው አማቴ። "አንድ አይደል እንዴ! ምን ያስለቅስዎታል?"

ጫጩቱ ቡናማ ነበር፤ የፌዛንት ጫጩት ሁሉ ቡናማ ነው። ዓይኑ ወደ ቢጫ ሲያደላ ወንድ መሆኑ የታወቀው መከር ሲገባ ነው። ወርቁን የሚለብሰው ግን በሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጋሽ ኩን-ሻን ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብርድ ሲገባ ደረታቸውን ያማቸዋል። ይህን ክረምት ተኝተው ከረሙ። ልጠይቃቸው ስገባ በመስኮት ወደ በረቱ እያዩ፣ "አንተ ታየዋለህ" አሉኝ።  ሊጥ እንዳይደርቅብኝ ሰበብ አድርጌ ወጣሁ። ወጥቼ ግን ወደ ሉካንግ ደወልኩ።

አማቴ በበነጋው በአውቶቡስ መጣች፤ ቅርጫቷ እየተንጫጫ። ስትቀቅል ውላ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የሚጤሰውን ሾርባ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ቆመች።

"ይጠጡ።"

ጋሽ ኩን-ሻን ሽታውን አወቁትና ፊታቸውን አዞሩ። "እትዬ ጂን-ቻይ፣ ይሄ የአራስ ነው። እኔ አራስ ነኝ እንዴ?"

"ነዎት እንጂ! ልጅዎ ገና ልብሱን መቼ ለበሰና! እስኪለብስ ድረስ የትም አይሄዱም።"

ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። እትዬ ቢ-ቹ ከኋላ ትራስ አስደገፏቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። እኚህ ሰው በሰላም ሊጥ እንዳላሽ፣ እንደ ልቤም እንዳላስነጥስ አድርገው ነው ያኖሩኝ። እንዲሁ እያስጨነቁኝ ብዙ ዓመት ያቆይልኝ።